«ክረምት ይግባ ብቻ» ላልሽኝ እህቴ

ይህ ደብዳቤ የመጣው ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የላከችው የሁለተኛ ደረጃ የአማርኛ መምህርት ናት። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ፤ ስሟ እንዳይወጣ ስለጠየቀችም ትቼዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። 36 ዓመቴ ነው፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ አጫጭር ልቦለዶች እጽፋለሁ፤ ሦስቱ በጋዜጣ ወጥተውልኛል። አሁን ግን አራት ዓመት ሙሉ ከአንድ ረጅም ልቦለድ ጋር እየታገልኩ ነው። ገጠር ኖራ ልጇ ዘንድ ኮንዶሚኒየም ልትኖር ስለመጣች አሮጊት ነው። ታሪኩ አለኝ። አሮጊቷ ግን አፏን አልፈታ አለችኝ፤ ስትናገር እኔን እኔን ትላለች። ከመስከረም እስከ ሰኔ ስድስት ክፍል አስተምራለሁ፤ ማታ ደብተር አርማለሁ። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ‹ክረምት ይግባ ብቻ› እላለሁ። ክረምት ይገባል። ላፕቶፑን እከፍታለሁ። እንቅልፍ ይወስደኛል። ዘንድሮም ሐምሌ እንዲሁ አለቀ። ልጆቹ ቤት ናቸው። እናቴም ከመንዝ መጥታ እኛ ጋ እየከረመች ነው፤ ባናዋን ደርባ መስኮቱ ሥር ትቀመጥና ጠዋት የጀመረችውን ወሬ ማታም አትጨርሰው። ፋታ የማገኘው ለፍልሰታ ቅዳሴ ስትሄድ ብቻ ነው። ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ‹አንቺ እኮ እረፍት ላይ ነሽ› ይለኛል። ጓደኛዬ ደግሞ ቢሾፍቱ ሆቴል ይዘሽ አንድ ሳምንት ዘግተሽ ጻፊ አለችኝ። ለዚያ የሚሆን ብር አጠራቅሜያለሁ። ልሂድ? ወይስ እውነቱን ተቀብዬ ጸሐፊ ነኝ ማለቴን ልተው?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። «እንቅልፍ ይወስደኛል» ያልሽው አንጀቴን በላው። ጥፋት እንደሠራ ሰው አንገትሽን ደፍተሽ ነው የጻፍሽው።

ከመጨረሻው ጥያቄ ልጀምር። ጸሐፊ ነኝ ማለትሽን አትተዪ። አራት ዓመት ሙሉ አንዲት አሮጊት በልቡ ይዞ የሚዞር ሰው ሌላ ምን ይባላል? ሰነፍም አይደለሽም። ስህተቱ ያለው ለክረምት የሰጠሽው ሥራ ላይ ነው። ክረምት የማይችለውን ሥራ ሰጥተሽዋል።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ስድስት ክፍል ታስተምሪያለሽ። በየክፍሉ 50 ተማሪ ቢኖር 300 ደብተር ነው። ደብተሩ ውስጥ የምታርሚው ደግሞ ዓረፍተ ነገር ነው። ቀን ባንክ የሚሠራ ሰው ማታ ለመጻፍ ሲቀመጥ ቀኑን ሙሉ ያልነካውን ነገር ነው የሚነካው። አንቺ ግን ቀኑን ሙሉ የሰው ዓረፍተ ነገር ስታቃኚ ትውያለሽ። ለራስሽ ጽሑፍ የሚተርፍሽ ያው የደከመ ጆሮ ነው። አሥር ወር እንዲህ ትቆዪና ሰኔ ላይ ባዶሽን ትደርሻለሽ። ታዲያ ሐምሌ 1 ቀን ላፕቶፕ ፊት ተቀምጠሽ እንቅልፍ ቢወስድሽ ምኑ ይገርማል? ሰውነትሽ የአሥር ወር ዕዳውን እየጠየቀሽ ነው። ክፈዪው። ተኚ። ስትነሺም ይቅርታ አትጠይቂ።

«አንቺ እኮ እረፍት ላይ ነሽ» ስለሚለውም ትንሽ ልበል። ይህን አባባል በክረምት የማይሰማ የመምህራን ቤት ያለ አይመስለኝም። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ ማለት አንቺ አረፍሽ ማለት አይደለም። ሥራው ቦታ ቀየረ እንጂ። ዝናብ ነው፤ ልጆቹ ውጪ ወጥተው አይጫወቱም። በረንዳ ላይ የተሰጣው ልብስ ሦስት ቀን ቆይቶ ይሸታል እንጂ አይደርቅም። ልጆቹ በ6 ሰዓት ምሳ ይፈልጋሉ፤ እናትሽ ደግሞ ከቅዳሴ መልስ በ9 ሰዓት ይቀምሳሉ። በመሃል ቤት ይወለወላል፤ ጭቃ ይገባል፤ እንደገና ይወለወላል። ይህን እረፍት የሚል ሰው አንድ ቀን ብቻውን ይዋልበትና ይየው።

ባለቤትሽ ክፉ እንዳልሆነ ነግረሽኛል፤ አምንሻለሁ። ስለዚህ ጸብ አያስፈልግም። በቀንና በሰዓት ንገሪው። «ቅዳሜና እሑድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ልጆቹ ያንተ ናቸው» በይው። «እርዳኝ» አትበይው። «እርዳኝ» ካልሽ ሥራው ያንቺ ሆኖ ይቀራል፤ እሱም ሲመቸው የሚያግዝ ደግ ሰው ይሆናል። ያንን ሰዓት ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለመጻፍ አልጠየቅኩልሽም። ለመተኛት፣ ለመራመድ፣ ዝም ብሎ ለመቀመጥ ነው።

(መምህር ላልሆናችሁና በድርጅት ለምትሠሩ አንባቢዎችም አንድ ነገር ላስታውስ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአንድ ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጣል። በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርበታል። ፈቃዳችሁን እያስተላለፋችሁ አትክረሙ። ውሰዱትና እረፉበት።)

አሁን ደግሞ አንድ ነገር ላሳይሽ። ከእናንተ ሰፈር ወደ አዳማ የሚወስደውን የፍጥነት መንገድ ይዘሽ ወጣ ስትዪ ግራና ቀኙ ዋልካ መሬት ነው። በዚህ በነሐሴ ገሚሱ ላይ ጤፍ በቅሏል። ገሚሱ ግን ታርሶ ባዶውን ነው። ውሃ ተኝቶበታል። ጥቁር ነው፤ የረገጠው ሰው ጫማውን ትቶለት ይወጣል። የማያውቅ መንገደኛ ባለቤቱ የተወው ይመስለዋል። ገበሬው ግን አልተወውም። ዝናቡ ሊወጣ ሲል፣ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም፣ ሽምብራ ይዘራበታል። ሽምብራ ውሃ የተኛበት መሬት አይወድም፤ ሥሩ ይበሰብሳል። የሚያድገው ዋልካው ክረምቱን ሙሉ ጠጥቶ በያዘው እርጥበት ነው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ አንድ ጠብታ ሳይጥል፣ ያ ሁሉ አረንጓዴ የሚጠጣው የሐምሌን ዝናብ ነው። ቀጥሎ እሸቱ በእስር በእስር ሆኖ መንገድ ዳር ሲሸጥ ታያለሽ።

ለዚህ ነው ሐምሌ ላይ ሽምብራ የሚዘራ ገበሬ የሌለው። አንቺ ግን አራት ዓመት ሙሉ ሐምሌ ላይ ስትዘሪ ከረምሽ። ከዚያ ለምን አልበቀለም ብለሽ ታለቅሻለሽ።

የአማርኛ መምህርት ስለሆንሽ የቅኔ ቤቱን ነገር ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ተማሪው ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለትም በልቡ ሲያዘጋጅ፣ መጽሐፍ አጠገብ አይቀመጥም። ደበሎውን ተከናንቦ ከሰው ይርቃል። ዛፍ ሥር ይቀመጣል፤ ሜዳ ላይ ብቻውን ይመላለሳል። ከሩቅ ያየው ሰው ያዘነ ወይም ያንቀላፋ ይመስለዋል። መምህሩ ግን «ምን ሥራ ፈትተህ ትዞራለህ?» አይለውም። ምሽት ላይ ለነገራ፣ ቅኔውን ለመምህሩ ለማሰማት፣ ሲቀርብ ነው ቀን ምን ሲሠራ እንደዋለ የሚታወቀው። ጀማሪው የሚቆጥረው ደግሞ ስምንት ቤት ያለውን መወድስ አይደለም። ሁለት ቤት ባለው በጉባኤ ቃና ነው የሚጀምረው። አገራችን ዝም ብሎ መቀመጥን እንደ ሥራ የሚቆጥር ትምህርት ቤት አላት። እኛ የዘመኑ ጸሐፊዎች ይህን መርሳታችን ያሳዝነኛል። ቁጭ ብሎ ቁልፍ ያልነካን ሰው ሥራ ፈት የሚል ዓይን ከየት አመጣነው?

የውጭውም ቢሆን ከዚህ አይርቅም። የሩሲያው ደራሲ ቶልስቶይ ያስናያ ፖልያና በሚባለው ርስቱ፣ የእነሱ የሙቀት ወራት ሲመጣ፣ ከገበሬዎቹ ጋር ተሰልፎ ሳር ያጭድ ነበር። ኋላ አጨዳው ልቦለዱ ውስጥ ገባ። ላቡንና የወገቡን ሕመም በራሱ ገላ አውቆት ነው የጻፈው።

ወደ ቢሾፍቱ እንመለስ። ይህን እኔም አድርጌዋለሁ። ከዓመታት በፊት፣ ልክ እንዳንቺ ብር አጠራቅሜ፣ ሐይቅ ዳር አራት ቀን ክፍል ያዝኩ። የመጀመሪያ ቀን አንድ ገጽ ጻፍኩ። በማግስቱ ቀደድኩት። ሦስተኛው ቀን ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ፤ በየሰዓቱ ያወጣሁት ብር ይታየኛል እንጂ ታሪኩ አይታየኝም። በአራተኛው ቀን ጉንፋን ይዤ ገባሁ። ሆቴሉ ምንም ጥፋት የለበትም። የሄድኩት ደክሞኝ ነበር። ብር ስለከፈልኩ ግን ለመተኛት ለራሴ አልፈቀድኩም። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ብዕር ማየት አስጠላኝ።

በዚያው ነሐሴ አንድ ከሰዓት ጎረቤቴ ቤት ነበርኩ። መብራት ጠፍቷል። በር ላይ፣ ብርሃን በሚገባበት በኩል፣ ሰፌድ ይዘን ምስር እንለቅማለን። ባሏ ካረፈ ሁለት ዓመቱ ነው። ልሄድ ስነሳ ዝናቡ ጣለ። ከበሩ ጀርባ ጥቁር ጃንጥላ ተንጠልጥሏል፤ እጀታው ላይ አቧራ ይዟል። «ያንን አውሺኝና ነገ ልመልስልሽ» አልኳት። ዝም አለች። ምስሩን በእጇ አንዴ በተን፣ አንዴ ሰብሰብ አደረገችው። ከዚያ «እሱን ተዪው እትዬ። እሱ ከዘጋው ወዲህ አልተከፈተም» አለችኝ።

ነጠላዬን ተከናንቤ ወጣሁ። ቤቴ ስገባ ውሃ እያንጠባጠብኩ፣ ቆሜ፣ በመብራት ቢል ጀርባ ላይ ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ጻፍኳት። ሌላ ምንም አልጻፍኩም። ክረምቱን በሙሉ የጻፍኩት እሷን ብቻ ነው። ታሪኩ የመጣው በጥቅምት ነው። መጥቶም አላስቸገረኝም።

ሆቴል ይዘሽ ብትሄጂ እንዲህ ያለውን ነገር አትሰሚም። ስለዚህ አሁን አትሂጂ። ብሩን አስቀምጪው። ሆቴል የሚጠቅመው የተጀመረን ለመጨረስ ነው። ግማሽ መንገድ የሄደ ጽሑፍ በእጅሽ ሲኖር፣ ቀልብሽን ሰብስበሽ የምትቆርጪውና የምትቀጥዪው ገጽ ሲኖርሽ፣ ሁለት ቀን ብቻውን ብዙ ያሠራል። ያን ጊዜ ሂጂበት።

እስከዚያ ግን እንዲህ አድርጊ። ፍልሰታ እስክትፈታ፣ እስከ ነሐሴ 16፣ ላፕቶፑን አትክፈቺው። ቁም ሳጥን ውስጥ ክተቺው፤ ጠረጴዛ ላይ ካየሽው ይወቅስሻል። በምትኩ በኪስ የምትገባ ትንሽ ደብተር ግዢ። በቀን ሁለት መስመር፣ እንደ ጉባኤ ቃናው ሁለት ቤት፣ ከዚያ አትለፊ። ስለ ልቦለድሽ አትጻፊባት። የሰማሽውን ጻፊ። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ያለውን፣ ደረጃ ላይ ጎረቤት ለጎረቤት የተመላለሰችውን። ቃሉን እንዳለ፣ ሳታርሚ። ይህቺ «ሳታርሚ» ላንቺ ከባድ ናት፤ አውቃለሁ። ንባብሽም እንዲሁ ይሁን። ለማስተማር ሳይሆን ለመደሰት አንብቢ፤ ቀይ እስክሪብቶውን እጅሽ ላይ አትያዢው።

ከዚያ ጳጉሜን ትመጣለች። ጳጉሜን እወዳታለሁ። አምስት ቀን ናት፤ ስድስት የምትሆነው በአራት ዓመት አንዴ ነው። ትልቅ ዕቅድ አይይዛትም፤ ለዚህም ነው የምትመቸው። በየቀኑ ልጆቹ ሳይነሱ አንድ ሰዓት ተቀመጪ፤ በእጅሽ ጻፊ። ሰዓቱ ሲሞላ፣ ገና የምትጽፊው እያለሽ፣ አቁሚ። አሜሪካዊው ደራሲ ሄሚንግዌይ ቀጥሎ የሚመጣውን እያወቀ ያቆም ነበር። ነገ የምትገቢበት በር ክፍት ሆኖ ያድራል።

ዋናው ሥራ የሚጀመረው መስከረም ከወጣ በኋላ ነው። ግራ እንደሚያጋባሽ ይገባኛል፤ ሥራ በሚበዛበት ጊዜ እንዴት ይጻፋል ትዪኝ ይሆናል። አሜሪካዊቷ ደራሲ ቶኒ ሞሪሰን የአሳታሚ ድርጅት አርታኢ ነበረች። ቀኑን ሙሉ የሰው ጽሑፍ ስታቃና ነው የምትውለው፤ እንዳንቺው። ሁለት ወንዶች ልጆች ብቻዋን ታሳድግ ነበር። ጎህ ሳይቀድ እየተነሳች ትጽፍ ነበር። የመጀመሪያ ልቦለዷ እ.ኤ.አ. በ1970 ወጣ። የሰው ዓረፍተ ነገር ከመንካቷ በፊት የራሷን ትነካለች ማለት ነው። አንቺም በሳምንት ሁለት ጠዋት፣ ከ11 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት፣ ደብተር ከመንካትሽ በፊት ተነሺ። ማታውን ለእርማት ተዪለት፤ ማታ አትጻፊ። በሳምንት ሁለት ገጽ ከወጣልሽ ከጥቅምት እስከ ሰኔ ከ70 ገጽ በላይ ይሆናል። ከአራት ክረምት ያላገኘሽውን ነው። መጪው ክረምት ሲገባ ደግሞ «ይግባ ብቻ» የምትዪው ለሌላ ነገር ይሆናል። እንደ ዋልካው ለመጠጣት።

አንድ ነገር ሆን ብዬ አቆየሁ።

ልቦለድሽ ከገጠር መጥታ ኮንዶሚኒየም ስለምትኖር አሮጊት ነው ብለሻል። አሮጊቷ አፏን አልፈታ ብላሻለች፤ ስትናገር አንቺን አንቺን ትላለች። በዚያው ደብዳቤ፣ ጥቂት መስመር ዝቅ ብሎ፣ እናትሽ ከመንዝ መጥተው ባና ደርበው መስኮት ሥር ተቀምጠዋል፤ ከጠዋት እስከ ማታ ያወራሉ፤ አላስጽፍ ብለውኛል ትያለሽ።

አልወቅስሽም። ደክሞሽ ስለነበር ነው ያላየሽው። የደከመ ሰው የሚሰማው ድምፅ እንጂ ቃል አይደለም። ሁለት ሳምንት ከተኛሽ በኋላ ግን ትሰሚያቸዋለሽ። የሚያወሩት ስለማን ነው? አጥር በሌለበት አገር ጎረቤትን ማን ብለው ይጠሩታል? ብቅሉን የት ያስጡ ነበር፣ አሁን በረንዳው ላይ ሲያዩት ምን ይላሉ? ከላይ ቤት ውሃ ሲፈስ ሲሰሙ ዝናብ መስሏቸው ያውቃል? ታሪካቸውን ልትሰርቂያቸው አይደለም። «እማዬ፣ የምትነግሪኝን ልጻፈው ወይ?» ብለሽ ጠይቂያቸው። የሚደሰቱ ይመስለኛል። ልጃቸው አራት ዓመት ሙሉ ስትፈልጋቸው እንደነበር አያውቁምና።

ነገ ከቅዳሴ ሲመለሱ ቡና አፍዪና አጠገባቸው ተቀመጪ። የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ መጀመሪያ የወጡ ቀን ምን እንዳሰቡ ጠይቂያቸው።